ጎንደር በባሕር ሥር



ስለ ኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ሊያወራ የመጣ ሰው ጎንደር፣ ቀሐ ድረስ ምን አመጣው ብላችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከመካከላችን ባሕር ያየ ሰው ከስንት አንድ ነው። ግን የቀሐ ወንዝ ውኃ የት እንደሚደርስ አስቡት። በመገጭ ወንዝ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣና በዓባይ ወርዶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በዚያ ባሕር ሥር፣ ከእስክንድርያ በስተ ምዕራብ፣ ስሟ «ጎንደር» የተባለ አንዲት ሰርጓጅ መርከብ ተኝታለች። የዛሬውን ንግግሬን ከእሷ እጀምራለሁ። ዛሬ ኃያላን መንግሥታት ቢሊዮን ዶላሮች የሚያፈሱበት የመደበቅ ጥበብ ሁሉ ያችን መርከብ ለሞት ያበቃትን ጉድለት ለመድፈን የተሠራ ነውና።

መርከቧ የጣልያን ነበረች። ፋሺስቱ መንግሥት ያኔ ለሚያሠራቸው ሰርጓጆች በወረራው የያዛቸውንና የተዋጋባቸውን ቦታዎች ስም አወጣላቸው። አንዷ «አክሱም»፣ አንዷ «መቀሌ»፣ አንዷ «ደሴ»፣ ሌሎቹም «ተምቤን»፣ «አላጄ»፣ «አሸንጌ»፣ «ሽሬ»፣ «ነገሌ»፣ «ዋቢ ሸበሌ» ተባሉ። ቁጥራቸው 17 ነው፤ በጥቅሉ «የአድዋ ዓይነት» እየተባሉ ይጠራሉ፤ «አድዋ» የምትባልም ነበረችና። በ1888 ዓ.ም. ድል የተነሡበትን ቦታ ስም ጦር መርከብ ላይ መጻፍ ቂም መወጣት ይሁን ቁስል መሸፈን፣ ፍርዱን ለእናንተ ልተው። የፋሺስቱ አዛዥ የስታራቼ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የከተማችንን ስም የያዘችው መርከብ ደግሞ ላ ስፔዝያ በሚባል ወደብ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1937 ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 60 ሜትር ነው፤ የተሠራችው 80 ሜትር ያህል ጥልቀት እንድትችል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ጣልያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የ«ጎንደር» መድፍ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ ሦስት ግዙፍ የብረት ሲሊንደሮች ተተከሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ የተቀመጠው ሁለት ጠላቂዎች ተፈናጠው በውኃ ሥር የሚነዱት ቶርፒዶ ነበር፤ ጣልያኖቹ ራሳቸው «አሳማ» ይሉታል። ሰርጓጇ በሌሊት ወደ ጠላት ወደብ ተጠግታ ትለቃቸዋለች፤ እነሱ በወደቡ መከላከያ መረብ ሾልከው ገብተው ከአንድ የጦር መርከብ ሆድ ሥር ፈንጂ ያስራሉ። «ጎንደር» በመስከረም 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከላ ስፔዝያ ተነሣች፤ መሲና ላይ ጠላቂዎቹን ጫነች። እዚህ የመስቀል በዓል በሚከበርበት ሰሞን እሷ ወደ እስክንድርያ በጉዞ ላይ ነበረች ማለት ነው።

መስከረም 19 ማታ ደረሰች። ያን ጊዜ ከሮም መልእክት መጣ፤ የእንግሊዝ መርከቦች ወደቡን ለቀው ወጥተዋል፣ ወደ ጦብሩቅ ተመለሱ የሚል። ስትመለስ «ስቱዋርት» የተባለች የአውስትራሊያ አጥፊ መርከብ አገኘቻት። አዛዡ ፍራንቼስኮ ብሩኔቲ ወደ ታች አጠለቃት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዐይን ሥራ አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በጆሮ ሆነ። ከላይ ያለችው መርከብ ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሰች የጥልቅ ውኃ ቦምብ ታወርድባታለች፤ ከታች ያሉት ሞተራቸውን ዝቅ አድርገው፣ አፋቸውን ዘግተው ይጠብቃሉ። መብራት ይጠፋል፣ ቧንቧ ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባል፤ መርከቧ ከተሠራችበት ጥልቀት እጅግ አልፋ ትወርዳለች፣ በተረፈ የታመቀ አየር ትመለሳለች። ሲነጋ አየሩም ባትሪውም አለቀ። መስከረም 20 ጠዋት ወደ ላይ ወጣች፤ ሰንደርላንድ የተባለ የባሕር አውሮፕላንም ከላይ ጠበቃት። ሠራተኞቹ ራሳቸው አሰጥመዋት ወደ ባሕር ዘለሉ፤ አብዛኞቹ ተማረኩ። ከተማረኩት አንዱ ኤሊዮስ ቶስኪ ነበር፤ «አሳማ»ውን ከፈለሰፉት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ። መርከቧ እንዲህ ስትጠፋ ከተማችን ገና በጣልያን እጅ ነበረች፤ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር እዚህ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

እኅቷ «ሽሬ» የተሻለ ዕድል ገጠማት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ሳትሰማ ቀርባ ሦስት «አሳማዎች» ለቀቀች፤ «ኩዊን ኤልሳቤጥ» እና «ቫሊያንት» የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ግዙፍ የጦር መርከቦች እስክንድርያ ወደብ ውስጥ እንዳሉ ወለል ላይ ተቀመጡ። አንድ ዓይነት መርከብ፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ወደብ። አንደኛዋ ተሰማች፣ ሁለተኛዋ አልተሰማችም።

«ጎንደር»ን ይዞ ያልለቀቃት መሣሪያ ዛሬ ሶናር የምንለው ነው፤ እንግሊዞች ያኔ አስዲክ ይሉት ነበር። ድምፅ ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ብረት ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል፤ ለመመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል። ለምን ድምፅ? ብርሃን ንጹሕ በሚባል ባሕር እንኳ 200 ሜትር ሲወርድ ከቁጥር አይገባም። ተራው የሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ሲገባ ወዲያው ይሞታል። ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ሲሄድ በባሕር ውስጥ 1,500 ሜትር ይሮጣል፤ ሁኔታው ከተመቸው ውቅያኖስ ያቋርጣል። ለጥምቀት አፄ ፋሲል መዋኛ ውስጥ የምትዘሉ ወጣቶች ይህን በራሳችሁ ጆሮ ፈትሹት። ጭንቅላታችሁን ውኃ ውስጥ አስገቡና ጓደኛችሁ ማዶ ሆኖ ሁለት ድንጋዮች በውኃው ሥር ያጋጭ። ድምፁ አጠገባችሁ የተመታ ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ከየት እንደ መጣ ግን ግራ ይገባችኋል። አቅጣጫ የሚነግረን ድምፁ በአንዱ ጆሮና በሌላው የሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ነው፤ ውኃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ልዩነቱ ለአእምሯችን አይበቃውም።

ሰርጓጆች ይህን ጉድለት በጆሮ ብዛት ይሞሉታል። የዛሬዋ ሰርጓጅ አፍንጫዋም ጎንና ጎኗም የድምፅ መቀበያ ነው፤ ከኋላዋ ደግሞ በመቀበያ የተሞላ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ትጎትታለች። ልብ በሉ፣ «ስቱዋርት» እንዳደረገችው ድምፅ ለቅቆ መፈለግ ለሰርጓጅ አይሆንም፤ የለቀቀችው ድምፅ ራሷን ያጋልጣታል። ስለዚህ ዘመኗን ሁሉ የምትኖረው በማዳመጥ ነው። ከሰለጠኑት ባሕርተኞቿ አንዳንዶቹ ሥራቸው በጆሮ ማዳመጫ ተቀምጠው የዓሣ ነባሪውን ከነጋዴ መርከቡ፣ የነጋዴ መርከቡን ከጠላት መለየት ብቻ ነው። የሶቪየት መርከቦች የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደ እኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካኖቹ 60 ጊዜ ይመላለስ ነበርና፣ በዚያች ቀጭን እምምታ ብቻ መርከቧ የማን እንደሆነች የሚለይበት ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ አየር ልመለስ፤ የኒውክሌሩ ነገር ያለ አየሩ አይገባምና። የ«ጎንደር» ዘመን ሰርጓጆች በእውነቱ አልፎ አልፎ የሚጠልቁ መርከቦች ነበሩ። ላይ ሲሆኑ በናፍጣ ይሄዳሉ፣ ሲጠልቁ በባትሪ፤ ባትሪውን ለመሙላት ግድ መውጣት አለባቸው። በውኃ ሥር ያለው አየርም ጠላት ሊሆን ይችላል። ሌላዋ እኅት መርከብ «መቀሌ» እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ከምጽዋ ተነሥታ ወደ ፖርት ሱዳን ስትጓዝ ከአየር ማቀዝቀዣዋ ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሾለከ። ቀለም የለውም፣ ሽታውም ለአፍንጫ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባሕርተኞቹ መጀመሪያ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ይቃዡ ጀመር፤ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። መንገድ የሚመሩትም ራሳቸው ተመርዘው ነበርና ሰኔ 15 ቀን ከሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ አንዲት በረሃማ ደሴት ላይ ወጥታ ተተከለች። ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ እስከ ኤርትራ ሄደው እርዳታ አመጡ። ይህች መርከብ አንድም ጥይት ሳይተኮስባት፣ በገዛ ትንፋሿ የጠፋች ናት።

እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1955 «ናውቲለስ» የተባለች የአሜሪካ መርከብ በኒውክሌር ኃይል እየተጓዘች መሆኗን አስታወቀች። በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ 3 ቀን 1958፣ በበረዶ ሥር ሆና የሰሜን ዋልታን አለፈች። ጥበቡ ይህ ነው፤ የዩራኒየም አቶም ሲከፈል ሙቀት ይሰጣል፣ ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። እሳት የለም፣ ስለዚህም አየር አያስፈልገውም። የዛሬዎቹ የአሜሪካ ቨርጂኒያ ዓይነት ሰርጓጆች ሪአክተር አንዴ ነዳጅ ከተሞላ የመርከቧን ዕድሜ ሙሉ፣ ከ30 ዓመት በላይ ይሠራል። ኦክስጅን ከባሕሩ ውኃ በኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የተተነፈሰው የተቃጠለ አየር በኬሚካል ይጠራል። የሚጠጣውም ውኃ ከዚያው ከባሕሩ ተጣርቶ ነው። 130 የሚያህሉ ሰዎች ሦስት ወር ያህል ሰማይ ሳያዩ ይቆያሉ፤ ወደ ወደብ የሚመልሳቸው የነዳጅ እጥረት ሳይሆን የምግብ ማለቅ ነው።

ግን አንዱን ጣጣ ሲፈቱ ሌላ መጣ። ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዙት ፓምፖች ይጮሃሉ፣ ተርባይኑ ይጮሃል፣ የተርባይኑን ፍጥነት ለፕሮፔለሩ የሚቀንሰው ማርሽ ይጮሃል። ናፍጣ ሰርጓጅ ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ስትሄድ ዝም ትላለች፤ ሪአክተር ግን እንደ ልብ የሚጠፋ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኒውክሌር ሰርጓጆች፣ በተለይ የሶቪየቶቹ፣ በባሕር ውስጥ ጫጫታ ነበሩ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በውቅያኖስ ወለል ላይ የዘረጉት የማዳመጫ መረብ ከሩቅ ይሰማቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በሙሉ ዝም የማሰኘት ታሪክ ነው። ማሽኖቹ በቀጥታ ከመርከቧ አካል ጋር አይታሰሩም፤ በትልቅ መደብ ላይ ሆነው መደቡ ራሱ በጎማ ላይ ይቀመጣል፣ ንዝረቱ ወደ ውኃው እንዳይተላለፍ። የውጭው አካል ድምፅ በሚውጥ ወፍራም ጎማ ይለበጣል፤ ይህን ጀርመኖች በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ጀምረውት ነበር። በዝግታ ጉዞ ጊዜ ፓምፑ ጠፍቶ ውኃው በሙቀት ልዩነት ብቻ የሚዘዋወርባቸው ሪአክተሮች መጡ። ከሁሉም አስቸጋሪው ፕሮፔለሩ ነው። ምላሱ በፍጥነት ሲዞር ከበስተኋላው ያለው ውኃ ግፊቱ ወርዶ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋዎቹ ሲፈነዱ የሚያሰሙት ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ይህን ለማጥፋት የእያንዳንዱ ምላስ ቅርጽ በጥንቃቄ መላግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1987 የጃፓኑ ቶሺባ ቅርንጫፍና የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ኩባንያዎች ለዚህ የሚሆኑ መላጊያ ማሽኖችና ኮምፒውተሮች ተደብቀው ለሶቪየት መሸጣቸው ሲታወቅ ዋሽንግተን እሳት ለበሰች። ለተራ ሰው የብረት መላጊያ ነው፤ ለባሕር ኃይል አዛዦች ግን የተሸጠው ዝምታ ነበር።

ዝምታው ምን ያህል እንደ ደረሰ ለማሳየት አንድ ምሽት ይበቃኛል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 መጀመሪያ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ የእንግሊዟ «ቫንጋርድ» እና የፈረንሳይዋ «ለ ትሪዮምፋ» ተጋጩ። ሁለቱም ኒውክሌር ሰርጓጆች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 16 የሚሳኤል ቱቦ የተሸከሙ፣ የሁለት ወዳጅ አገሮች ንብረት። በዚያ ሁሉ ውቅያኖስ አንዷ የሌላዋን ኮቴ ሳትሰማ ተላተሙ። ሰው አልሞተም፣ ጨረርም አልፈሰሰም። እኔ ይህን ወሬ ባሰብኩ ቁጥር የሚያስፈራኝ ግጭቱ አይደለም። ሁለቱም መርከቦች የተሠሩት እንዲህ እንዲሆኑ ነበር፤ ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ነው የተጋጩት።

ይህ ሁሉ ድብቅነት ለሁለት ሥራ ይውላል። አንደኛው ሚሳኤል ይዞ መጥፋት ነው፤ በእሱ ላይ አልቆይም። ሁለተኛው ስለላ ነው፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ይጣፍጣል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ብራድሌይ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን አንድ ነገር አሰበ። በኦኾትስክ ባሕር ሥር የሶቪየትን የሰርጓጅ ሰፈር ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ የስልክ ኬብል መኖር አለበት፤ ግን በ600,000 ካሬ ማይል ባሕር ውስጥ የት? ልጅ ሆኖ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያየው ሰሌዳ ትዝ አለው፤ ኬብል አለ፣ መልሕቅ አትጣሉ የሚል። ሶቪየቶችም ለዓሣ አጥማጆቻቸው እንዲህ ያለ ሰሌዳ መትከላቸው አይቀርም ብሎ ገመተ። «ሃሊበት» የተባለችው ኒውክሌር ሰርጓጅ ሄዳ በፔሪስኮፗ የባሕሩን ጠረፍ ቃኘች፤ ሰሌዳው ተገኘ። ጠላቂዎች 120 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ወርደው በኬብሉ ዙሪያ መቅጃ አጠለቁ። ኬብሉ አልተቆረጠም፣ አልተላጠም፤ በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ንግግር ወደ ውጭ የሚያፈስሰውን ሞገድ ነው የቀዱት። ሰርጓጆች በየጊዜው እየተመላለሱ የተቀዳውን ካሴት ይለውጡ ነበር። ሶቪየቶች ባሕሩ የራሳቸው ስለ መሰላቸው ብዙውን ወሬ ያለ ምስጢር ቁልፍ ነበር የሚያወሩት።

እንዴት ተደረሰበት? ሶናር አልሰማውም፣ ጠላቂም አላየውም። ሮናልድ ፔልተን የሚባል ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሥራ የለቀቀ፣ ዕዳ የበዛበት ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ገብቶ በ35,000 ዶላር ሸጠው። ሶቪየቶች መሣሪያውን ከባሕር ጎትተው አወጡት። ጆን ዎከር የተባለው የባሕር ኃይል የሬዲዮ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ተያዘበት እስከ 1985 ድረስ የምስጢር ቁልፎችን ሲሸጥ ኖረ።

ምስጢር ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ከእኛ ባሕርም ምሳሌ ላምጣ። በዚያው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 «ጋሊሊዮ ጋሊሌይ» የተባለች የጣልያን ሰርጓጅ ከምጽዋ ወጥታ ኤደን አጠገብ በእንግሊዞች ተማረከች፤ እሷም በጋዝ ተመርዛ ነበር። ውስጧ የተገኙት ወረቀቶች የሌሎቹን ሰርጓጆች ቦታ አሳበቁ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ «ቶሪቼሊ» እና «ጋልቫኒ» ጠፉ። ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ፤ ጎማ፣ መደብና ማርሽ የመርከብን ድምፅ ሊቀብሩ ይችላሉ፤ ከሰው አፍና ከወረቀት የሚወጣውን ግን እስከ ዛሬ የዋጠ ጎማ አልተሠራም። የሰርጓጅ ምስጢር በባሕር ውስጥ ከወጣው ይልቅ በየብስ የወጣው ይበልጣል።

በየብስ የሚደረገው ማዳመጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አሥመራ ላይ የነበረውን ቃኘው ጣቢያን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስሙ በኮሪያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ የመጣ ነው። አሜሪካኖች ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ። አሥመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፤ የሬዲዮ ሞገድ ለመያዝ እንደ እሷ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። ግዙፍ የሳሕን አንቴናዎች ቆመው የሶቪየትን የጠፈር መንኮራኩሮች ያዳምጡ ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመልእክት ክፍልም እዚያው ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ተዘጋ።

ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ ሲያዞር አድማጮቹ ተለወጡ። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1977 ሶቪየቶችን ከበርበራ አስወጣች፤ እነሱም በዳህላክ ደሴቶች፣ ኖክራ ላይ የባሕር ኃይል ማረፊያ ያዙ። ኖክራ በጣልያን ዘመን የእስረኞች ማጎሪያ የነበረች፣ ሐሩሯ የከፋ ደሴት ናት። የሶቪየት መርከቦችና ሰርጓጆች ይጠገኑባትና ስንቅ ይጭኑባት ጀመር። ከአሥመራ አየር ማረፊያ ደግሞ ኢል-38 የሚባሉ አራት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ይነሡ ነበር። የእነዚህ ሥራ ሰርጓጅ ማደን ነው፤ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ማዳመጫዎችን ይዘራሉ፣ ከሥራቸው የሚያልፈውን ብረት መግነጢሳዊ ምልክት ይፈልጋሉ። አሜሪካኖች ሶቪየትን ካዳመጡባት ከተማ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሶቪየቶች የአሜሪካንን ሰርጓጆች ፍለጋ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1984 የሻዕቢያ ኮማንዶዎች አሥመራ አየር ማረፊያ ገብተው ሁለት ኢል-38 አቃጠሉ። በውቅያኖስ ስፋት ሰርጓጅ የሚያድን አውሮፕላን ሌሊት በእግር በመጡ ሰዎች ወደመ።

ቀይ ባሕር ራሱ ለድምፅ አስቸጋሪ ባሕር ነው። ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ ይበልጣል፤ ውቅያኖሶች ጥልቀታቸው ላይ እንደ በረዶ ሲቀዘቅዙ የቀይ ባሕር ታችኛው ውኃ 21 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ድምፅ በሙቀትና በጨው ልክ ፍጥነቱን ስለሚቀያይር፣ ስለሚጎብጥም፣ ሌላ ቦታ የተማረ የሶናር ሰው እዚያ ሲሄድ እንደ አዲስ ይማራል። ዳህላክ ዙሪያ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ኮራሉ ብዙ ነው፤ ለትልቅ ኒውክሌር ሰርጓጅ መደበቂያ አይሆንም።

የዛሬው የስለላ ፉክክር ወደ ባሕር ወለል ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2005 አገልግሎት የጀመረችው የአሜሪካ «ጂሚ ካርተር» ከእኅቶቿ 30 ሜትር ያህል እንድትረዝም ተደርጋለች፤ በዚያ በተጨመረው ክፍል ጠላቂዎችና ሰው አልባ መሣሪያዎች ይወጡበታል። ሩሲያም እጅግ ጥልቅ የምትወርድ «ሎሻሪክ» የምትባል ትንሽ ኒውክሌር ሰርጓጅ አላት፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2019 በእሳት ቃጠሎ 14 መኮንኖች ሞተውባታል። ሁለቱም አገሮች ስለ ሥራቸው ብዙ አይናገሩም። ጥርጣሬው ግን የዓለም ኢንተርኔት የሚያልፍባቸው የመስታወት ክር ኬብሎች ላይ ያርፋል። የመስታወት ክር እንደ ድሮው መዳብ ወደ ውጭ አያፈስም፤ መጥለፉ ከበድ ይላል፣ መቁረጡ ግን ቀላል ነው።

ይህ ለቀሐ ሰው ሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በስልካችሁ ውጭ አገር ላለ ልጃችሁ ስትደውሉ፣ ድምፃችሁ በጅቡቲ ወይም በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ባሕር ሥር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። ያን ያደረገው የስለላ ሰርጓጅ ሳይሆን በየመን ሁቲዎች ተመትታ የቀረችው «ሩቢማር» የተባለች የጭነት መርከብ ስትንሳፈፍ የጎተተችው መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው። መልሕቅ ይህን ካደረገ፣ አስቦበት የሚመጣ ሰርጓጅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ ኖሯት አያውቅም። የነበረን ባሕር ኃይል ግን የራሱ ኮሌጅ የነበረው፣ በኖርዌይ መኮንኖች የሠለጠነ፣ ቀይ ባሕርን የሚያውቅ ነበር። ምጽዋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 ወደቀች፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ መርከቦቹ ተበተኑ። በ2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ሲቋቋም ወሬው ሁሉ ስለ መርከብ ግዢና ስለ ወደብ ሆነ። የእኔ አስተያየት ይለያል፤ መርከብ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፣ የሚያዳምጥ ጆሮ ግን በትምህርት ቤት ነው የሚሠራው። የድምፅ ፊዚክስ፣ የባሕር ሳይንስ፣ የምስጢር ቁልፍ ሒሳብ ያለ ወደብ፣ እዚሁ ደጋ ላይ መማር ይቻላል።

አንድ ልመና አለኝ። በምጽዋ፣ በአሰብ፣ በዳህላክ ያገለገላችሁ የቀድሞ ባሕርተኞች በዚህ ከተማና በዙሪያው ወረዳዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሶቪየቶቹ ጋር በአንድ ወደብ የዋላችሁ፣ የሰርጓጆቹን አገባብና አወጣጥ በዐይናችሁ ያያችሁ እናንተ ናችሁ፤ ይህ ታሪክ በሞስኮና በዋሽንግተን ማኅደሮች ብቻ ተጽፎ መቅረት የለበትም። የምታስታውሱትን ጻፉ፤ መጻፍ የሚከብዳችሁ ለልጆቻችሁ ተናገሩና እነሱ ይጻፉት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍልም ዕድሜ ሳይቀድመው ይህን ትዝታ ይሰብስብ።